ደም ግባትና የጉንጭ ቀለም

ለቀይ፥ ለቀይ ዳማ፥ ለጠይምና ለጥቁር ገጽ የሚስማማው ቀለም አመራረጥና አቀባብ

አማርኛ ስለ መልክ ሲፈርድ ጠንቃቃ ነው። የአንዲቱን ወይዘሪት አፍንጫ ሰልካካነት፥ የዓይኗን ጉላት፥ የጥርሷን ንጣት አንድ በአንድ ቆጥሮ ካመሰገነ በኋላ እንኳ «ምን ያደርጋል፥ ደም ግባት የላትም» ብሎ ሊመልሳት ይችላል። ሌላይቱን ደግሞ ምኗንም ሳይቆጥር «ደም ግባት ያላት ናት» ብሎ ይፈርድላታል። ደም ግባት ማለት ቃሉ ራሱ እንደሚያስረዳው፥ ከቆዳ ሥር የሚመላለሰው ደም ለፊት የሚሰጠው ሙቀትና ሕይወት ነው።

እንግዲህ በትንንሽ ክብ ሣጥን ተደርጎ በየሱቁ «ብለሽ» እየተባለ የሚሸጠው የጉንጭ ቀለም ሥራው ይህንኑ ደም ግባት መምሰል ብቻ ነው። ፊትን ለመለወጥ አልተሠራም፤ ቀዩን ጠይም፥ ጠይሙን ቀይ ለማድረግም አይችልም። ይህን የተረዳች ሴት በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ደቂቃ ሥራ ገጿን ታፈካለች። ያልተረዳች እንደ ሆነ ግን ገንዘቧ ይባክናል፤ የሣጥኑም ስም ከ«ብለሽ» ወደ «ብላሽ» ይዞራል።

በአንድ መደርደሪያ ላይ ያሉ ሁለት ዕቃዎች

ዛሬ የጉንጭ ቀለም ለመግዛት ወደ ፒያሳ መውጣት ወይም መርካቶ ድረስ መሄድ ግድ አይደለም። ከአዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አንዱ በሆነው፥ በከተማይቱ ደቡብ በሚገኘው በነፋስ ስልክ ላፍቶ፥ ከሳሪስ እስከ ጎፋ፥ ከመካኒሳ እስከ ለቡና ጀሞ ድረስ የመኳኳያ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሞልቷል። በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ምድር ቤት ባሉት ሱቆች ከፀጉር ቅባቱና ከሽቶው ጎን የጉንጭ ቀለሙ ከፈዛዛ ሮዝ እስከ ጥቁር ወይን ጠጅ ተደርድሮ ይታያል። ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ተማሪዎችም፥ ደመወዝ በተቀበሉ ማግሥት ጎራ የሚሉት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችም ደንበኞቹ ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ቀለሙ የሚመረጠው በሣጥኑ ውስጥ ስላማረ ወይም ሌላ ዓይነት ቆዳ ያላት ሴት ስትቀባው በስልክ ስለ ታየ ነው። ገዢይቱ ከቤት ገብታ በመስታወት ፊት ስትቀባው ያ ያማረ ሮዝ በጉንጯ ላይ አመድ ይመስላል። ያን ጊዜ ጥፋቱን በቀለሙ ላይ ማድረግ ሲገባት በፊቷ ላይ ታደርገዋለች፤ «ቀይ ብሆን ኖሮ ያምርብኝ ነበር» የሚል ሐሳብ በልቧ ይገባል። በዚያው መደርደሪያ ላይ፥ ከጉንጭ ቀለሙ አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ፥ «ፊት ያቀላል» እየተባለ የሚሸጠው ቅባት ተቀምጦ ይጠብቃታል።

የጉንጭ ቀለም ነገር የቅንጦት ወሬ መስሎ ቢታይም ቁም ነገሩ በዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዕቃ አመራረጥ ስሕተት ሁለተኛውን ዕቃ ሊያስገዛ ይችላል፤ የሁለተኛው ጉዳት ደግሞ በውሃ ታጥቦ የሚለቅ አይደለም።

ቀይ ቀለም በአገራችን እንግዳ አይደለም

አንዳንድ ሰው መኳኳልን ትናንት ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ አድርጎ ይቆጥረዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በድሬዳዋ አጠገብ በሚገኘው በፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች ቀለም ያለው አፈር እየፈጩ ዱቄት ያደርጉ ነበር፤ ተመራማሪዎች ከዋሻው ያገኙት የቀለም አፈር ቁራጭ ከ4 ሺህ በላይ፥ ክብደቱም 40 ኪሎ ያህል ነው። የጥንት ግብፃውያን ቀይ አፈር ከስብ ጋር እያዋሐዱ ጉንጫቸውንና ከንፈራቸውን ይቀቡበት ነበር። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች ቀይ አፈርና ቅቤ ለውሰው ጠጉራቸውን እስከ ዛሬ ያስውባሉ። እናቶቻችንም ዓይናቸውን በኩል ይኳላሉ፤ የእንሶስላን ሥር ወቅጠው እጅና እግራቸውን ያቀሉበታል።

ወደ ኋላ ይህን ያህል የሄድነው ለታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራው የጉንጭ ቀለምም ቅላቱን በብዛት የሚያገኘው የጥንቱን አፈር ቀይ ካደረገው ከዚያው ነገር ነው፤ ይኸውም አይረን ኦክሳይድ የሚባለው የብረትና የኦክሲጅን ውሁድ ነው። ልዩነቱ ፋብሪካው ዱቄቱ እንዲለሰልስና ቀለሙ እንዲፈዝ ሲፈልግ እንደ ታልክና እንደ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያሉ ነጫጭ ማዕድናት መጨመሩ ነው። አመዱም የሚመጣው ከእነዚህ ብዛት ነው።

አመዱ ከየት ይመጣል?

በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ይህን በጠረጴዛው ላይ ሊፈትነው ይችላል። ፈዛዛ ሮዝ የቀለም እርሳስ አንሥቶ በነጭ ወረቀት ላይ ቢያሰምር ሮዙ ሮዝ ሆኖ ይታያል። በዚያው እርሳስ በቡናማው ትልቅ ፖስታ ላይ ቢያሰምር ግን መሥመሩ ደብዝዞ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ጠለቅ ያለ ቀይ እርሳስ ያነሣ እንደ ሆነ ደግሞ በቡናማው ፖስታ ላይ መሥመሩ ሞቅ ብሎ ይታያል። እንግዲህ እርሳሱም አልተበላሸም፥ ፖስታውም አላጠፋም፤ ሁለቱ ስላልተስማሙ ነው እንጂ።

በሰው ፊትም እንዲሁ ነው። ለቆዳችን ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ሜላኒን ባነሰበት ቆዳ ላይ ከሥር ያለው ደም በቀላሉ ስለሚታይ ፊቱ ሲቀላ ሮዝ ይመስላል። ሜላኒን በበዛበት ቆዳ ላይ ግን ደሙ የሚታየው በቡናማ መጋረጃ ውስጥ አልፎ ስለ ሆነ ቅላቱ ጠለቅ ያለ፥ ወደ ሸክላና ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ይሆናል። ስለዚህ ለነጭ ቆዳ ታስቦ የተሠራ፥ ነጭ ማዕድን የበዛበት ሮዝ በጠይም ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ደም መምሰሉ ቀርቶ አቧራ ይመስላል።

ታዲያ ፋብሪካዎቹ ይህን እያወቁ ለብዙ ዘመን ለምን ዝም አሉ? ገበያችን ነው የሚሉት የነጭ ሴቶችን ገበያ ስለ ነበር ነው። ያን ልማድ ከሰበሩት መካከል የአካባቢያችን ሴቶች ይገኙበታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 ኒው ዮርክ ገብታ በሞዴልነት ስሟ የገነነው ሶማሊያዊቷ ኢማን፥ ለጠቆረ ቆዳ የሚስማማ ቀለም በገበያ ላይ ማጣቷን በራሷ ፊት ስላየችው፥ በ1994 በስሟ የሚጠራ የመኳኳያ ድርጅት አቋቋመች። የአዲስ አበባ ተወላጅ ሊያ ከበደ በ2003 የኤስቴ ላውደር ኩባንያ የማስታወቂያ ገጽ ሆና ተመረጠች፤ በኩባንያው የ57 ዓመት ታሪክ ለዚህ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እርስዋ ነበረች። በ2017 ደግሞ ዘፋኟ ሪሃና ፌንቲ ቢውቲ የተባለውን ድርጅት ስትከፍት ከፈዛዛ እስከ ጥቁር 40 ዓይነት ፋውንዴሽን በአንድ ጊዜ ለገበያ አቀረበች፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ኩባንያዎች የቀለማቸውን ቁጥር ለማብዛት ተሽቀዳድመዋል።

ስለዚህ ለጠይም ሴት የሚሆን ቀለም አልተሠራም የሚባልበት ጊዜ አልፏል። የቀረው ለይቶ ማወቅ ነው።

ለየትኛው ገጽ የትኛው ቀለም?

ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የተባለው አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም በ1975 የሰውን ቆዳ ፀሐይ ሲመታው በሚያሳየው ለውጥ መሠረት ከፋፍሎት ነበር፤ ክፍሎቹም በኋላ ስድስት ሆነዋል። እኛ ግን በአፋችን የለመድነው የራሳችን አከፋፈል አለን፤ ለጉንጭ ቀለም ምርጫም ይበቃናል።

ቀይ ገጽ። ለዚህ የሚስማማው የኮክ ፍሬ ቀለም፥ ለስላሳ ሮዝና ቀላል ጽጌረዳ ነው። በቀይ ገጽ ላይ ቀለም ቶሎ ስለሚታይ የሚያሠጋው ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ ነው። የበዛ እንደ ሆነ ፊቱ የተቆጣ ወይም ትኩሳት የያዘው ይመስላል።

ቀይ ዳማ ገጽ። በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ወርቃማ ኅብር ስላለ የበሰለ ኮክ፥ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይና ደብዘዝ ያለ የጽጌረዳ ቀለም ያምርበታል። ወደ ነጭ የቀረበ ሮዝን ግን ይተዉት፤ አመዱ መታየት የሚጀምረው ከዚህ ገጽ ላይ ነው።

ጠይም ገጽ። የሸክላ ቀለም፥ የጡብ ቀለም፥ የእንጆሪ ቀለምና ጠለቅ ያለ ጽጌረዳ ለጠይም ገጽ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ብርማ ብልጭታ ያለበት ዱቄት በጠይም ጉንጭ ላይ ግራጫ ሆኖ ስለሚታይ ብልጭታ የሚወዱ ሁሉ ወርቃማውን ወይም ነሐስ መሳዩን ይምረጡ።

ጥቁር ገጽ። እዚህ ላይ ድፍረት ያስፈልጋል። የቀይ ሥር ቀለም፥ የወይን ጠጅ ቀለም፥ ደማቅ ቀይና ደማቅ ብርቱካን በሣጥኑ ውስጥ ሲታዩ ያስፈራሉ፤ ሻጩም ራሱ «ይህ ይበዛብዎታል» ሊል ይችላል። በጥቁር ገጽ ላይ በጥቂቱ ተቀብተው ሲለሰልሱ ግን ልክ ከውስጥ የመጣ ሙቀት ይመስላሉ።

በአንድ ስም ከሚጠሩት ገጾች መካከልም ልዩነት አለ። አንዷ ጠይም ወደ ወርቅ ታደላለች፤ ሌላዋ ወደ ቀይ ቡናማ ትሄዳለች። ይህን ለማወቅ በቀን ብርሃን የወርቅና የብር ጌጥ በየተራ ወደ ፊት አስጠግቶ ማየት ይረዳል። ወርቁ ፊትዎን የሚያፈካው ከሆነ ወደ ሸክላ፥ ወደ ኮክና ወደ ብርቱካን ያዘንብሉ፤ ብሩ የሚያፈካው ከሆነ ደግሞ ወደ ጽጌረዳና ወደ ወይን ጠጅ። ሁለቱም እኩል የሚያምርብዎ ከሆነ ምርጫው ሰፊ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እንደ ሆነ ደረጃውን ፈጠን ብለው ይውጡና ሳያርፉ በመስኮት አጠገብ መስታወት ይመልከቱ። ያን ጊዜ በጉንጭዎ ላይ የሚታየው ቅላት የራስዎ ደም ግባት ነው፤ በሱቅ የሚፈልጉትም እርሱን የሚመስለውን ነው። የፊትዎ ጥቁረት ቅላቱን የሚሸፍነው ከሆነ የታችኛውን ከንፈርዎን ገልበጥ አድርገው የውስጡን ቀለም ይዩ። እርሱም ያንኑ ይነግርዎታል።

በሱቁ ደጃፍ ላይ

ቀለም የሚመረጠው በቀን ብርሃን ነው። የሱቁ መብራት አንዳንዱ ወደ ቢጫ፥ አንዳንዱ ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ በውስጥ ያማረው በውጭ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ወደ ደጃፉ ብቅ ብለው ይዩት። በእጅ መዳፍ ላይ መሞከር ግን ዋጋ የለውም፤ መዳፍ ከፊት ይልቅ ፈዛዛ ነውና። የሚሞክሩት በጉንጭ ላይ ወይም ከመንጋጋ አጠገብ መሆን አለበት።

ለሙከራ ተከፍቶ የተቀመጠው ዕቃ ብዙ ጣት ያረፈበት ስለ ሆነ ጣትዎንም ሆነ የሱቁን ብሩሽ አይጠቀሙ። ጫፉ ጥጥ የተጠቀለለበት ንጹሕ ስንጥር ይጠይቁ፤ ከላዩ ያለውን ቀለምም ጠርገው ከሥሩ ይውሰዱ። ቆዳዎ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ከክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብተው 24 ሰዓት ቢጠብቁ ይሻላል። ማሳከክ ወይም ሽፍታ ያመጣ እንደ ሆነ ያ ዕቃ ለፊት አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ጽሑፉን ይመልከቱ። የአምራቹ ስም፥ የውስጡ ነገር ዝርዝርና የሚያበቃበት ቀን ሊኖረው ይገባል። ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ሥዕል ተስሎ በውስጡ 12 ወይም 24 የሚል ቁጥር ካዩ፥ ዕቃው ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት የወር ቁጥር ማለት ነው። በአገራችን በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የውበት መጠበቂያ ምርቶችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ይሁን እንጂ በየመንገዱ ዳር በጨርቅ ላይ የሚዘረጋውን ሁሉ መርማሪ ሊደርስበት አይችልምና የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ የገዢው ዓይን ነው።

ደመወዟ ያልጠናላት ሠራተኛም ሆነች ከቤተ ሰቧ ተቀብላ የምትማር ልጅ አምስት ዓይነት ቀለም መግዛት አያስፈልጋትም። ልክ የሆነ አንድ ቀለም ካልሆኑ አምስቱ ይበልጣል። በቅባት መልክ የተሠራው ለከንፈርም ለጉንጭም ስለሚያገለግል ወጪ ይቆጥባል። የሚስማማ የከንፈር ቀለም ያላት ሴትም ከእርሱ ጥቂት በጣቷ ጫፍ ወስዳ በጉንጯ ላይ በማለስለስ ልትጠቀምበት ትችላለች።

አቀባቡ

የጉንጭ ቀለም በሦስት መልክ ይሸጣል፤ በዱቄት፥ በቅባትና በፈሳሽ። ፊቱ ቶሎ ለሚወዛ ዱቄቱ ይሻላል። ፊቱ ለሚደርቅ፥ በተለይም በበጋው ደረቅ ነፋስ ወራት፥ ቅባቱ ይመረጣል። ፈሳሹ ቶሎ ስለሚደርቅና ከደረቀ በኋላ ስለማይለሰልስ እጅ የለመደ ሰው ይፈልጋል። ሥርዓቱም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ፊትን ታጥቦ በስስ ማለስለሻ መቀባት። ያልታጠበ ወይም የደረቀ ቆዳ ቀለሙን በአንድ ስፍራ ይዞ ነቁጥ ያወጣል።

ሁለተኛ፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ማድረግ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ከቀዩ ይልቅ የሚከላከልለት ሜላኒን አለው፤ ቢሆንም በፀሐይ ምክንያት ነጠብጣብ አያወጣም ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፤ ተራን መጠበቅ። ቅባቱ የጉንጭ ቀለም ከዱቄት በፊት፥ ዱቄቱ የጉንጭ ቀለም ከዱቄት በኋላ ይቀባል። ቅባት በዱቄት ላይ ከተደረገ ይጓጉላል።

አራተኛ፤ ስፍራውን ማወቅ። በመስታወት ፊት ቆመው ፈገግ ይበሉ፤ ጉንጭዎ የሚያብጥበት ስፍራ የመነሻው ነጥብ ነው። ከአፍንጫዎ አጠገብ ሁለት ጣት ያህል ይተዉ፤ ከአፍንጫዎ ጫፍም ወደ ታች አይውረዱ። ወደ ታች የወረደ ቀለም ፊትን የደከመ ያስመስለዋል። ፊትዎ ክብ ከሆነ ከጉንጭ አጥንት ወደ ጆሮ ጫፍ ሽቅብ ይሳቡት፤ ረጅም ከሆነ አግድም ይውሰዱት።

አምስተኛ፤ ከጥቂት መጀመር። ሰፊና ለስላሳ ብሩሽ በዱቄቱ ላይ ዳሰስ አድርገው ትርፉን ያራግፉ፤ ከዚያም በክብ እንቅስቃሴ ይቀቡ። ያነሰውን መጨመር ቀላል ነው፤ የበዛውን መቀነስ ግን ፊትን እንደገና እስከ መታጠብ ያደርሳል። በመጨረሻም ባዶውን ብሩሽ ወይም ንጹሕ ጣት ይዘው ዳርና ዳሩን ያለስልሱ። ቀለሙ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የማይታወቅ ሲሆን ሥራው አለቀ ማለት ነው።

ስድስተኛ፤ ከቤት ከመውጣት በፊት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ በመስኮት ብርሃን ማየት። ሰው የሚያይዎ በዚያ ርቀት ነውና።

ብሩሹ በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙናና በለብታ ውሃ ታጥቦ በጥላ ይድረቅ። ብሩሽንና የጉንጭ ቀለምን ከጓደኛ ጋር መዋዋስ የፍቅር ምልክት ቢመስልም የዓይንና የቆዳ በሽታን አብሮ መዋዋስ ነው። ይህ በተለይ በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው ለሚያድሩ ተማሪዎች ይነገር።

በክፍል፥ በመሥሪያ ቤትና በጸሎት ስፍራ

ለሥራና ለትምህርት የሚደረገው የጉንጭ ቀለም የተቀባ መሆኑ የማይታወቅ ሲሆን ይመረጣል። «ዛሬ ደኅና አድረሻል» ከተባለች ቀለሙ ልክ ነው፤ «ዛሬ ተቀብተሻል» ከተባለች በዝቷል። ለሠርግና ለማታ ግብዣ በጥቂቱ ማጠንከር ይቻላል፤ የማታ መብራትና የፎቶግራፍ ብልጭታ ቀለም ያፈዛሉና። ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ ተጨናንቆ የሚሄድ ሰው ፊቱ ማላቡ አይቀርም፤ በዚህ ጊዜ በመሐረብ መጫን እንጂ ማሸት አይገባም።

በዓልና እሑድ ነጠላ የምታጣፋ ሴት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አላት። የነጠላው ጥለት ጉንጭን ስለሚነካ ቅባት መሳዩ ቀለም በነጩ ላይ አሻራውን ይተዋል። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ለሚሄዱ ከነአካቴው ሳይቀቡ መሄዱ የተሻለ ነው። ሒጃብ የምታደርግ እኅታችንም እንዲሁ ጨርቁ ከጉንጯ ስለሚገናኝ ዱቄቱን ብትመርጥና ፈንጠር አድርጋ ብትቀባ ልብሷ ይጠበቃል። ፈዛዛ ሒጃብ ፊትን ከብቦ የጉንጭን ቅላት አጉልቶ ያሳያልና በዚያን ቀን የቀለሙን መጠን መቀነስ ይገባል።

ስለዚያኛው ቅባት

አሁን ወደ ሱቁ መደርደሪያ እንመለስና ከጉንጭ ቀለሙ ጎን ስለ ተቀመጠው ቅባት እንናገር። ፊት ያቀላሉ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ አንዳንዶቹ ሐኪም ሳያዝ መወሰድ የማይገባውን ስቴሮይድ፥ ሌሎቹም ሃይድሮኪኖን ይዘዋል። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል፥ ብጉርና የማይለቅ ቅላት ያመጣል። ሃይድሮኪኖን ያለ ልክ የተቀቡት እንደ ሆነ ደግሞ ፊትን ማቅላቱ ቀርቶ ሰማያዊ ጥቁር የሆነ ጠባሳ መሳይ ቀለም ሊያወጣ ይችላል።

የዓለም መንግሥታት በጃፓን ሚናማታ ከተማ ስም በተጠራው የ2013 ስምምነት በመኳኳያ ውስጥ የሚገባውን ሜርኩሪ ገድበዋል፤ በ2023 በጄኔቫ ባደረጉት ጉባኤም ሜርኩሪ የተጨመረበት መኳኳያ ሁሉ እስከ 2025 እንዲቀር ወስነዋል። ውሳኔ ግን በአንድ ቀን ከሱቅ ዕቃ አያነሣም። ስለዚህ በጽሑፉ ላይ ሜርኩሪ፥ መርኩሪክ ወይም ካሎሜል የሚል ካዩ፥ ወይም «ከወርቅ፥ ከብርና ከአሉሚኒየም ጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካነበቡ፥ ዕቃውን መልሰው ያስቀምጡ። ወርቅን የሚያበላሽ ነገር ጉንጭን ይምራል ብሎ ማመን አይቻልም። ጽሑፍ ከሌለው ደግሞ ምን እንዳለበት የሚያውቅ የለምና እርሱም አይገዛ።

እስከ ዛሬ ሲቀቡ የቆዩ ካሉ አፍረው አይደበቁ። በድንገት ማቆም ራሱ ቆዳን ሊያስቆጣ ስለሚችል ሐኪም ቢያማክሩ ይሻላል። ከመካኒሳና ከጀሞ ብዙም በማይርቀው በዘነበ ወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

ይህን ገጽ የሚያነቡ ወንዶች ወንድሞቻችንም ከነገሩ ውጭ አይደሉም። ስለ አንዲት ልጅ ሲነገራቸው ከትምህርቷና ከጠባይዋ አስቀድመው «ቀይ ናት?» ብለው የሚጠይቁ ጥቂት አይደሉም። ጥያቄው እንደ ቀልድ ቢጠየቅም የምትሰማው እኅት እንደ ፍርድ ትወስደዋለች፤ የዚያን ቅባት ገበያ ከሚያሞቁት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው።

አባቶች «መልክ ከፈጣሪ፥ ሙያ ከጎረቤት» ይላሉ። የጉንጭ ቀለም ሙያ ነውና ከጎረቤትም ከጋዜጣም ሊማሩት ይቻላል። ስለዚህ በመጪው ደመወዝ ወደ ሱቁ ጎራ የምትል እኅታችን ሣጥኑን ይዛ ወደ ደጃፉ ትውጣ፤ በፀሐዩ ብርሃን ጉንጯን ትይ፤ ቀለሙ ካልተስማማት ሌላ ይምጣልኝ ትበል። የሚለወጠው ሣጥኑ ነው።